ድሬዳዋና ሐረር ላይ ድሮን ከማስነሳታችሁ በፊት፦ ፈቃድ፣ ነፋስና ሙቀት ደረጃ በደረጃ

የሰርግና የማስታወቂያ ቀረጻ የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ፈቃድ ግድ ነው ወይ?» የሚል ነው፤ መልሱ አጭር ነው፣ አዎ ግድ ነው። ሁለተኛው «ነፋሱ ስንት ሲሆን ነው የማይነሳው?» የሚለው ነው። ለዚህ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ማለፍ አይቻልም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በድሬዳዋ ሙቀትም በሐረር ከፍታም አይደለምና። የራሳችሁን ቁጥር ከዚህ በታች ባለው መንገድ ታወጣላችሁ። ምሳሌ ባስፈለገ ቁጥር የምንጠቅሰው ዲጄአይ ሚኒ 3ን ነው፤ ሌላ ሞዴል ካላችሁ መመሪያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች በቦታው ተኩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፈቃዱ ዋና ወረቀትና ሁለት ኮፒ (ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩ በሙቀት ሊጠፋ ይችላል)
- በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ፤ ከሌለ 2 ሜትር እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ስስ ጨርቅ
- 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማረፊያ ምንጣፍና አራት ድንጋይ ወይም ካስማ
- ቢያንስ 3 ባትሪ፣ አንድ ሙሉ ትርፍ የፕሮፔለር ስብስብ፣ ትንሿ ጠመንጃ መፍቻ
- ለስላሳ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ አየር መንፊያ
- በረዶ የሌለበት የበረዶ ሳጥን (ባትሪ ከሙቀት ለመከለል)
- ለስልኩና ለሪሞቱ ጥላ፤ ጃንጥላም ይሆናል
- አንድ ረዳት፤ ሥራው ድሮኑንና ሰማዩን ማየት ብቻ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ረዳቱን «ሰው ከተገኘ» ብላችሁ አትለፉት። አብራሪው ዓይኑ ስክሪን ላይ ይተከላል፤ ጭልፊት ሲመጣ፣ አቧራ ሲነሳ፣ አውሮፕላን ሲሰማ የሚናገር ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

1. ወረቀቱን ጨርሱ

ድሮን ወደ አገር የሚገባው በፈቃድ ነው። ያለ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ይዤልህ ልምጣ» ሲል መጀመሪያ ፈቃዱ ይውጣ፣ ዕቃው ከዚያ ይከተል። ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከታቸው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) እና የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ናቸው። ዕቃውን የማስገባት ወይም የመያዝ ፈቃድ አንድ ነገር ነው፤ በተወሰነ ቀን በተወሰነ ቦታ ማብረር ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛው ያለው ይመስለዋል።

ማመልከቻችሁ ላይ የድሮኑን ሞዴል፣ ክብደትና የሴሪያል ቁጥር፣ የአብራሪውን ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን በካርታ ነጥብ፣ ከፍተኛውን ከፍታና የቀረጻውን ዓላማ ጻፉ። የሴሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑ ሳይሆን ከድሮኑ አካል ላይ ቅዱ፤ የሚያስቆማችሁ ጸጥታ አስከባሪ የሚያመሳክረው እሱን ነው። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ የምትነሱበትን ቀበሌና በአቅራቢያው ያለውን ፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ሳያውቁ ሰማይ ላይ ድሮን ካዩ የሚያደርጉት መጀመሪያ ማስወረድ ነው፤ ማብራሪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ላይ ከሆነ የክልሉን የቅርስና የቱሪዝም ቢሮም አነጋግሩ።

ፈቃዱ ላይ ሌላ ካልተጻፈ፣ በብዙ አገሮች የአቪዬሽን ደንብ የተለመዱትን ወሰኖች ያዙ፦ ከመሬት ከ120 ሜትር በላይ አለመውጣት፣ ድሮኑን በዓይን ከሚታይበት አለማራቅ፣ በተሰበሰበ ሰው ራስ ላይ አለማለፍ፣ በቀን ብቻ ማብረር። ፈቃዱ ከዚህ ያነሰ ከፍታ ከሰጣችሁ የሚሠራው ያነሰው ነው። «ሚኒ ስለሆነ 249 ግራም ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለው ከሌላ አገር ሕግ የመጣ ወሬ ነው፤ እዚህ አትታመኑበት።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ፤ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባ ሻንጣ አይላኩም። የሚኒ 3 ባትሪ 18.1 ዋት ሰዓት ስለሆነ አየር መንገዶች ከሚያስቀምጡት የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በጣም በታች ነው፤ ቢሆንም መገናኛ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ።

2. ቦታውን በካርታ መርምሩ

የድሬዳዋ ትልቁ ጉዳይ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከመሃል ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ካርታ ላይ በዙሪያው የ5 ኪሎ ሜትር ክብ ስትስሉ ሳቢያን፣ ለገሃሬና ከዚራ ውስጥ ይገባሉ። የማኮብኮቢያውን መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትቀጥሉት በከተማው ሰማይ በኩል ያልፋል፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚመጣው በዚያ ነው። የአየር ኃይል ምድብም በዚያው በኩል አለ። ስለዚህ መሃል ድሬዳዋ ላይ «ትንሽ ብቻ ከፍ ላድርገው» የሚባል ነገር የለም። ፈቃዳችሁ ቦታውን በስም ካልጠቀሰ ከክቡ ውጡ።

የድሮኑ አፕ አልከለከለኝም ማለት ተፈቀደልኝ ማለት አይደለም። አፑ የሚያውቀው አምራቹ የጫነለትን ካርታ ነው፤ አንዳንዴ የሚከለክለው የተፈቀደውን፣ የሚያሳልፈው ደግሞ የተከለከለውን ነው።

ካርታው ላይ እነዚህንም ምልክት አድርጉባቸው፦ የጦር ካምፖች፣ የቴሌ ማማዎች፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የባቡር ሐዲድ፣ ትምህርት ቤት፣ የገበያ ቦታ። ጁገል ውስጥ ደግሞ ሚናራዎቹን። የጁገል ቤቶች ግቢያቸው ከውጭ እንዳይታይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ካሜራ ከላይ ሲመጣ ያ ሁሉ አጥር ዋጋ ያጣል። በማን ጣሪያ ላይ እንደምታልፉ አስቀድማችሁ ዕወቁ፣ የቤቱን ባለቤቶች አስፈቅዱ። ሰው ግቢው ውስጥ ከታየ ካሜራውን ወደ ሌላ አዙሩ።

3. በዋዜማው የአየሩን ሁኔታ አንብቡ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን ትንበያ እዩ፤ ከዚያ የሰዓት በሰዓት ነፋስ የሚያሳይ አፕ ተጠቀሙ። አፑ ላይ ከአማካዩ ነፋስ አጠገብ የሚጻፈውን ድንገተኛ ግፊትም (በእንግሊዝኛ ጋስት፤ ነፋሱ ለቅጽበት የሚደርስበት ፍጥነት) አንብቡ፤ ድሮን የሚጥለው አማካዩ ሳይሆን ግፊቱ ነው። መለኪያውንም እዩ፦ አፑ በኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የድሮኑ መመሪያ ግን በሜትር በሰከንድ ይናገራል። በ3.6 አካፍሉት። 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 ሜትር በሰከንድ ነው። «10 ነው ይችላል» ብሎ 36ን የተቀበለ ሰው ድሮኑን ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ይውላል።

የአውሮፕላን ማረፊያው የአየር ዘገባ (ሜታር) ሲገኝ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የጣቢያው መለያ ኤች ኤ ዲ አር ነው። አነባበቡ ቀላል ነው። 06012 የሚል ካያችሁ ነፋሱ ከ60 ዲግሪ አቅጣጫ በ12 ኖት ይመጣል ማለት ነው። ኖቱን ለሁለት ስታካፍሉት ሜትር በሰከንዱን በግምት ታገኛላችሁ፣ ማለትም 6። ከኋላው የእንግሊዝኛዋ ጂ ፊደልና 22 ካለ ድንገተኛ ግፊቱ 11 ሜትር በሰከንድ ደርሷል፤ በዚያ ቀን ድሮኑ ከቦርሳ አይወጣም። 31/14 የሚለው ሙቀቱ 31፣ የጤዛ ነጥቡ 14 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ሲቢ ወይም ቲኤስ የሚል ካለ ነጎድጓዳማ ደመና አለ። የዘገባው ሰዓት የዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ቀንሱ። 0600 ብሎ ከጻፈ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ 1200 ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት።

4. የነፋስ ወሰናችሁን አውጡ

ይህን ደረጃ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ድሮን አየር ውስጥ የሚዋኝ ነገር ነው። ነፋስ ሲመጣ ባለበት የሚቆመው ወደ ነፋሱ ዘንበል ብሎ በመግፋት ነው። የማዘንበል አቅሙ ሲያልቅ ጂፒኤስም ሪሞትም አይረዱትም፤ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። የሚኒ 3 ወሰን 10.7 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ጠርዝ ነው፣ የሥራ ወሰን አይደለም። የሥራ ወሰናችሁን ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም በበረራ ከፍታ 7 ላይ አስቀምጡት።

ችግሩ እናንተ የምትለኩት ከፍ ብሎ ሳይሆን ቆማችሁበት መሬት ላይ መሆኑ ነው። መሬት አጠገብ ነፋሱ ከአፈሩ፣ ከቁጥቋጦውና ከግድግዳው ጋር እየተሻሸ ይዘገያል። ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ፣ በ2 ሜትር ከፍታ የለካችሁት ነፋስ 100 ሜትር ላይ በግምት 1.7 እጥፍ ይሆናል። ቤት በበዛበት ቦታ ደግሞ 2 እጥፍ ተኩል አስቡት፤ ሰፈሩ ውስጥ ጸጥ ያለው አየር ከጣሪያ በላይ ጸጥ ያለ አይደለም። ስለዚህ፦

- ሜዳ ላይ፦ በእጅ መለኪያ 2 ደቂቃ ሙሉ ለኩ፤ አማካዩ ከ4 ሜትር በሰከንድ ካለፈ አትነሱ።
- ሰፈር ውስጥ፦ ከ3 ካለፈ አትነሱ።
- የትም ቦታ፦ በትንሹና በትልቁ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 በላይ ከሆነ አማካዩ ምንም ይሁን አትነሱ።

2 ደቂቃ የምንለው ነፋስ በማዕበል ስለሚመጣ ነው፤ በ10 ሰከንድ የምታነቡት የማዕበሉን አንዱን ጎን ብቻ ይሆናል።

መለኪያ የሌለው ሰው ዓይኑን ይጠቀም። ቅጠል ያለማቋረጥ ቢነቃነቅና ቀላል ባንዲራ ቢዘረጋ ነፋሱ ከ3.4 እስከ 5.4 ነው። አቧራ፣ ወረቀትና ፌስታል ከመሬት እየተነሳ ከበረረ ከ5.5 እስከ 7.9። ትናንሽ ዛፎች ግንዳቸው ሲወዛወዝ ከ8 እስከ 10.7። ፌስታል መብረር ሲጀምር ድሮን መብረር ያቆማል፤ ረዳታችሁ ይህችን ይያዛት።

አሁን ደግሞ የመልስ ጉዞውን አስቡ። ሚኒ 3 በመደበኛው ሞድ 10 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል። በኋላ ነፋስ 1 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ 100 ሰከንድ ይበቃችኋል፣ ባትሪውም ብዙ አይወርድም። በ7 ሜትር የፊት ነፋስ ስትመለሱ ግን የሚቀራችሁ ፍጥነት 3 ነው፤ ያው 1 ኪሎ ሜትር 333 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ድሮን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስሌት ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ፊት ሂዱ፣ ነፋሱ ይመልሳችሁ።

ደንገጎ (ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ ያለው ተራራ) ላይ የሚቀርጹ ሰዎች የተራራውን ነፋስ ለብቻው ይወቁት። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማታና ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ወደ ድሬዳዋ ሜዳ ይወርዳል። ነፋስ ጫፉን ተሻግሮ ሲሄድ ደግሞ ከጀርባው ይታጠፍና ወደ ታች ይጫናል። ሚኒ 3 ሽቅብ የሚወጣው ቢበዛ በ5 ሜትር በሰከንድ ነው፤ የሚወርደው አየር በዚያ ፍጥነት ከሆነ መሪውን እስከ ጥግ ብትገፉትም ከፍታ አያተርፍም። ከሸንተረር ጀርባ አትግቡ። ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታው ጎን ሥሩ።

5. ሙቀቱንና ከፍታውን አስሉ

አየር ሲሞቅና ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል፤ ፕሮፔለሩ የሚይዘው ነገር ያንሳል። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,167 ሜትር ያህል ላይ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 7 ዲግሪ ያህል ነው። ሙቀቱ ከመደበኛው በላይ በወጣ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 37 ሜትር ያህል ከፍታ ጨምሩ። 35 ዲግሪ በሆነ ቀን ትርፉ 28 ዲግሪ ስለሆነ 1,000 ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ድሮኑ የሚሰማው 2,200 ሜትር ላይ እንዳለ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ፣ በ25 ዲግሪ ቀን፣ በዚሁ ስሌት 2,700 ይደርሳል። ሐረር ቀዝቀዝ ስላለች ለድሮን ይቀላል የሚለው ግምት ልክ አይደለም ማለት ነው፤ ለባትሪው ይቀላል፣ ለሞተሩ ግን ይከብዳል።

በቁጥር ሲታይ ባለበት ለማንዣበብ ከባሕር ወለል ይልቅ ድሬዳዋ ላይ 11 በመቶ፣ ሐረር ላይ 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። የሚኒ 3 ካርቶን 38 ደቂቃ ይላል። ያ የተለካው ነፋስ በሌለበት በ21.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲበር ነው። 30 በመቶ ሲቀር ስለምታሳርፉ ከ38ቱ የምትጠቀሙት 26.6 ነው፤ ለሳሳው አየር በ1.12 ስታካፍሉት 23.7፤ ለነፋስ ደግሞ ጥቂት ስትተዉ 20 ደቂቃ። የቀረጻ ዕቅዳችሁን በ20 ደቂቃ ሥሩ፤ ደንበኛው ፊት ላይ 38 አትበሉ።

የድሮኑ የሥራ ሙቀት ወሰን 40 ዲግሪ ነው። ግንቦትና ሰኔ ድሬዳዋ ላይ የጥላ ሙቀት ከ35 ያልፋል፤ ፀሐይ የመታው አስፋልትና ቆርቆሮ አጠገብ ያለው አየር ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። በርጫ ሰዓት ጎዳናው ጸጥ ስለሚል ለቀረጻ ያጓጓል፤ ነገር ግን አየሩ በጣም የሚሳሳው፣ መሬቱ በጣም የሚግለውና ነፋሱ በጣም የሚናወጠው ያኔ ነው። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 ሥሩ። ያ ካልሆነ ከቀኑ 10፡30 በኋላ እስከ ፀሐይ ግባት።

ስልኩንም አትርሱ። አምራቹ ለአይፎን የሚሰጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን 35 ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ድሮኑ ሳይሆን ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ቢጠፋ ድሮኑ አይወድቅም፤ ሪሞቱ መሥራቱን ይቀጥላል። አትደናገጡ፣ ድሮኑን በዓይን ፈልጉት፣ ካላያችሁት በሪሞቱ ላይ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ተጫኑ። ይህን አስቀድማችሁ ሜዳ ላይ ስልኩን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ ተለማመዱት።

6. ባትሪውን ከሙቀት ጠብቁ

ባትሪ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩት፣ በረዶ ግን አትጨምሩበት፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ሞቃት አየር ሲነካው ያልበዋል። ከበረራ የወረደ ባትሪ ወዲያው ቻርጅ አይደረግም። ቻርጅ የሚደረግበት ወሰን ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ሲወርድ ከዚያ በላይ ግሏል። እጃችሁን ሳያቃጥል እስኪበርድ ጥላ ውስጥ ጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓትም ይፍጅ። ጎኑ ያበጠ ባትሪ አይበርም፣ ቻርጅም አይደረግም። «አንድ በረራ ብቻ» የሚባልለት ባትሪ አየር ላይ ቮልቴጁ ድንገት ይወርዳል።

7. መነሻውን ምረጡ

ምንጣፉን ጠጠርና አቧራ በሌለበት አንጥፉ፣ ጥጎቹን በድንጋይ ያዙ። የድሬዳዋ አሸዋ ደቃቅ ነው፤ ሲነሳ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ ጂምባሉን (ካሜራው እንዳይናወጥ የሚይዘውን ክፍል) ያንቃል። ኮምፓስ ስታስተካክሉ ከብረት ራቁ፦ ከሐዲድ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከቆመ መኪና፣ ፌሮ ካለበት ኮንክሪት ቢያንስ 10 ሜትር። ኮምፓሱ በብረት ከተታለለ ድሮኑ ተነስቶ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ሳተላይቶቹ ከ12 በላይ እስኪሆኑና የመመለሻው ነጥብ መመዝገቡ እስኪነገር አትነሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከደቻቱ (ድሬዳዋን ከሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ) አሸዋ ላይ አትነሱ። ሰፊ፣ ገላጣና ከሰው የራቀ ስለሆነ ምቹ ይመስላል። ግን ጎርፉ የሚመጣው ድሬዳዋ ላይ ሲዘንብ ብቻ አይደለም፤ ከላይ በተራሮቹ ሲዘንብ ከተማው ላይ ፀሐይ እየወጣ እንኳ ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በዚሁ መንገድ ነው። አብራሪ ዓይኑ ሰማይ ላይ፣ ጆሮው ሞተር ላይ ስለሆነ የውሃውን ድምፅ መጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው። በመጋቢትና ሚያዝያ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረምም በሌሎቹ ደረቅ ወንዞች ውስጥ አትቁሙ።

8. የመመለሻ ከፍታውን ሙሉ

ሪሞት ሲቋረጥ ድሮኑ መጀመሪያ ወደ ሞላችሁለት ከፍታ ይወጣል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። በአካባቢው ካለው ረጅሙ ነገር 20 ሜትር አስበልጡ። ነገር ግን በጣም አታብዙት፤ ከፍ ባለ ቁጥር የፊት ነፋሱ ይበረታል።

ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሳችሁበት ነጥብ መሆኑን አትርሱ። ደንገጎ ጫፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ገደሉ ስትልኩት ስክሪኑ 50 ሜትር ሲል ከታች ያለው መሬት ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል፤ የ120 ሜትሩን ወሰን ሳታውቁት አልፋችኋል። ከሐረር ወደ ሐኪም ተራራ ስትልኩት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስክሪኑ 80 ሲል ቁልቁለቱ ድሮኑን ሊነካው ይችላል።

9. አንስታችሁ ለ1 ደቂቃ አቁሙት

5 ሜትር ላይ ባለበት አንዣቡ። ከሄደ ወይም ሞተሩ ወጣ ገባ የሚል ድምፅ ካሰማ አውርዱት። ከዚያ ወደ 30፣ ቀጥሎ ወደ 60 ሜትር ከፍ እያደረጋችሁ በየደረጃው 15 ሰከንድ ቆዩ። የነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚመጣበትን ከፍታ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የዚያን ቀን ጣሪያችሁ ከእሱ በታች ነው። በአፕ የተነበየውን ነፋስ በእውነተኛው የምታመሳክሩት እዚህ ነው።

10. አብርሩ፣ ሲለወጥም ወዲያው ወስኑ

ከ300 ሜትር አትራቁ፤ ከዚያ በኋላ ትንሿ ድሮን ነጥብ ትሆናለች፣ ፊቷ ወዴት እንደሆነ አይለይም። አቧራ ባረበበበት ቀን ደግሞ ከዚያም ቀድማ ትጠፋለች።

- የአቧራ አዙሪት ሜዳው ላይ ከታየ፦ ወደ ጎን ሽሹ፣ ከዚያ አውርዱ። አዙሪቱ አቧራው ከሚታይበት በላይም ይቀጥላል፤ በላዩ አታሳልፉት።
- በተራራው በኩል ደመና እየጠቆረ ሽቅብ ካደገ፦ ዝናቡ ገና ሩቅ ቢሆንም አውርዱ። ከነጎድጓድ ደመና የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ከዝናቡ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይደርሳል። ሙቀቱ ድንገት ቀዝቀዝ ካለ ያ ነፋስ ደርሷል ማለት ነው።
- ዝናብ ጠብ ካለ፦ ወዲያው አውርዱ። ትናንሽ ድሮኖች ውሃ አይከላከሉም፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳቸው ወደ ሰርኪዩቱ ይወስደዋል።
- ጭልፊት ከመጣ፦ ቀጥ ብላችሁ ሽቅብ ውጡ፣ ከዚያ ራቁ። አዳኝ ወፍ የሚመታው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቀጥ ብሎ መውጣት ይከብደዋል። ጁገል ውስጥ ሥጋ ተራ አካባቢ ጭልፊቶች ሥጋ መንጠቅ ስለለመዱ ሰው አይፈሩም፤ በዚያ በኩል መጀመሪያውኑ አትሂዱ።
- አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ከተሰማ፦ እስክታዩት አትጠብቁ። ወደ ታች።
- መልሱ በፊት ነፋስ ከከበደ፦ ወደ 30 ሜትር ዝቅ አድርጉት፣ ነፋሱ ከታች ይቀንሳል፤ መንገዱ ላይ ማማና ሽቦ እንደሌለ ግን አረጋግጡ። ስፖርት ሞድ 16 ሜትር በሰከንድ ስለሚሰጥ በ7 ሜትር ነፋስ 9 ይተርፋችኋል። ባትሪ ይበላል፣ መሰናክል ማስወገጃ ያላቸው ሞዴሎችም በዚህ ሞድ አያስወግዱም። ያም ካልሠራ ባዶ ሜዳ መርጣችሁ እዚያው አሳርፉና በእግር ሂዱ። አየር ላይ 0 ከሚደርስ የትም ቢያርፍ ይሻላል።

ሰዎች በብዛት የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሙሽሮቹ ደርሰዋልና ደንበኛው እየጠበቀ ነው ብሎ ልኬቱን መዝለል። ይህን ለማስቀረት ከደንበኛው ጋር ስትዋዋሉ «ነፋስ ወይም ዝናብ ካለ የድሮን ቀረጻ አይኖርም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ በሰርጉ ቀን የሚደረግ ክርክር ያልቃል።

አንድ ጊዜ ለክተው ቀኑን ሙሉ ማብረር። በየባትሪው ቅየራ እንደገና ለኩ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የነበረው ነፋስ ከ4 ሰዓት በኋላ ሌላ ነፋስ ነው።

ከፀሐይ ግባት በኋላ በጂፒኤስ መታመን። አገራችን ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ምሽት ላይ በላይኛው የአየር ንብርብር የሚፈጠር መናወጥ የሳተላይት ምልክት ያናጋል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። የሌሊት ፈቃድ ያላችሁ እንኳ ብትሆኑ ከ2 ሰዓት ማታ ጀምሮ ድሮኑ ባለበት መቆሙን ዘወትር ፈትሹ።

የተሰነጠቀ ፕሮፔለር «ትንሽ ናት» ብሎ መተው። በሳሳ አየር ፕሮፔለሩ ፈጥኖ ስለሚሽከረከር ትንሿ ስንጥቅ ትሰፋለች። በጥፍራችሁ ጫፉን ዳስሱ፤ ጥፍራችሁን ከያዘው ቀይሩት።

11. ካረፈ በኋላ

ሞተሮቹን በእጅ አዙሩ፤ አሸዋ የገባበት ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። በመንፊያው ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉ፣ በአፍ አትንፉ፣ እርጥበት ይገባል። ጂምባሉን በብሩሽ አጽዱ። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ሙቀት፣ መሬት ላይ የለካችሁት ነፋስ፣ ማስጠንቀቂያው የመጣበት ከፍታ፣ የበረረበት ደቂቃና የቀረው ባትሪ ይጻፍ። ለፈቃድ እድሳት ስትሄዱ ይህ ደብተር ይጠቅማል፤ ከ10 በረራ በኋላ ደግሞ ድሮናችሁ ድሬዳዋ ላይ ስንት ደቂቃ፣ ሐረር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ከማንም ካርቶን በላይ ይነግራችኋል። በሳምንት ውስጥ የማታበሩ ከሆነ ባትሪዎቹን ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ አድርጋችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከመስኮትና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ።